አትጠይቀኝ ያልኩት ኮምፒውተር

ሲጠይቁኝ አልወድም። ይህን ቀድሜ ልናገርና ልገላገል፤ ያን ዕለት የደረሰብኝ ሁሉ ከዚህች ጠባዬ የመጣ ነውና። ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከገባሁ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ ሳልጠየቅ የዋልኩበት አንድ ቀን ትዝ አይለኝም። ከጋላባት ተነስቼ ዶካ እስክደርስ በየኬላው እጠየቃለሁ። "ወየን ማሺ?" ይሉኛል፤ ወዴት ነህ? ከየት ነው የመጣኸው? ወረቀትህ የታለ? ይህ ፎቶ ያንተ ነው? ታዲያ ፀጉርህ የት ሄደ? ፀጉሬ የት እንደሄደ እኔስ በምን አውቃለሁ። ለሁሉም መልሴ አንድ ነው፤ "አይዋ" እላለሁ። አዎ ማለት ነው። አንዴ አንድ ወታደር "አንተ ሰነፍ ሳትሆን አትቀርም" ቢለኝ አይዋ ብዬው አልፌያለሁ። አይዋ ያለ ሰው ቶሎ ያልፋል።

እንግዲህ እንዲህ ሲጠየቅ የዋለ ሰው የገዛ ሱቁ ገብቶ፣ የገዛ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ፣ አንድ ፋይል ላጥፋ ባለ ቁጥር "እርግጠኛ ነህ?" ሲባል ምን እንደሚሰማው አስቡት። እኔ ደሜ ይፈላል። እርግጠኛ ባልሆን መቼ እነካው ነበር።

ሱቃችን ወደ ዶካና ወደ ጋላባት የሚሄዱት አውቶቡሶች ከሚቆሙበት ሜዳ ጀርባ ናት። ፎቶኮፒ እናነሳለን፣ እናትማለን፣ ማመልከቻ በአማርኛም በአረብኛም እንጽፋለን። የአማርኛው ጸሐፊ እኔ ነኝ፤ የአረብኛዋ ባለቤቴ ሐያት ናት። ሐያት የጎንደር ሰዎች ልጅ ብትሆንም እዚሁ ገዳሪፍ ተወልዳ ያደገች ስለሆነች፣ ወሬ በአማርኛ ጀምራ በአረብኛ ነው የምትጨርሰው። ስትቆጣ ደግሞ መጀመሪያውም አረብኛ ነው። ኮምፒውተራችን አንድ ነው፤ ግን እሷ በስሟ ስትገባ የእሷ ገጽ በአረብኛ ይመጣል፣ እኔ በስሜ ስገባ የእኔ በአማርኛ። የሁለታችንም ጀርባ ላይ ያው አንድ ፎቶ ነው ያለው፤ ባሱንዳ ላይ ያነሳሁት ያበበ የሰሊጥ ማሳ።

ወደ እኛ የሚመጣው ሰው አብዛኛው መንገደኛ ነው። ለመከር ሥራ የመጣ አለ፣ ከኡም ጋርጉር የስደተኞች ካምፕ ለጉዳይ የመጣ አለ፣ ነገ የት እንደሚሆን የማያውቅም አለ። ሁሉም የሚፈሩት አንድ ነገር ነው፤ ወረቀታቸው ሰው ኮምፒውተር ላይ መቅረቱን። አትሜ ስሰጣቸው አይሄዱም። "አጥፋው" ይሉኛል። "እኔ ፊት አጥፋው።" አጠፋለሁ። አንድ ቀን አንድ ነገር የገባው ጎረምሳ የቆሻሻ ቅርጫቷን ክፈታት ብሎኝ ብከፍታት፣ የሳምንቱ ደንበኛ ሁሉ መታወቂያውን ይዞ እዚያ ውስጥ ተሰልፏል። ያን ቀን ያፈርኩትን ማፈር ለጠላቴም አልመኝ።

እሳት ያልኳትን የሠራሁት ከዚያ በኋላ ነው። እናንተ ታውቁ እንደሆነ አላውቅም፤ እኔ አላውቅም ነበር። ዴስክቶፑ ላይ የተደረደሩት ትንንሽ ሥዕሎች እንደተፈጠሩ የሚኖሩ አይደሉም። አንዴ ሲነኳቸው ምን ያድርጉ፣ ሁለቴ ሲነኳቸው ምን ያድርጉ፣ ፋይል ጎትተው ሲጥሉባቸው ምን ያድርጉ፣ ሁሉንም ባለቤቱ ነው የሚያዝዘው። ይህን ያወቅኩ ዕለት የተሾምኩ ያህል ደስ አለኝ። በዚህ አገር እኔ የማዘው ነገር ተገኘ ማለት ነው።

መጀመሪያ ሁለቴ መጫንን ሻርኩ። አንዴ ከነካሁት ይከፈት አልኩ፤ ምን ያንቀባርረዋል። ከዚያ ሁለት ሥዕሎች አዘጋጀሁ። አንዷ ማተሚያ ናት፤ ፋይል ሲጥሉባት ያለ ምንም ወሬ ታትማለች። ሌላዋ ነበልባል ናት፤ ፋይል ሲጥሉባት ቅርጫት ውስጥ ሳታስቀምጥ፣ በላዩ ላይ ደጋግማ እየጻፈችበት፣ ፈልጎ የሚያገኘው እንዳይኖር አድርጋ ታቃጥላለች። እርግጠኛ ነህ ወይ የምትለዋን ጥያቄ ከሥሯ ነቀልኳት። እንዳይምታቱብኝ ደግሞ ማተሚያዋን ከቀኝ ጥግ፣ እሳትን ከግራ ጥግ አራርቄ አስቀመጥኳቸው። ይህን ጥንቃቄዬን ልብ በሉልኝ፤ ጉድ የሠራኝ እሱ ነው።

ለሐያትም ያንኑ ገጿ ላይ ሠራሁላት። አልወደደችውም። ሁለቴ መጫኑን ወደነበረበት መልሳ፣ "ሰው ቤት አንዴ አንኳኩተው ይገባሉ እንዴ?" አለችኝ። ስለ እሳቱም "የማይጠይቅ እሳት?" ብላ አንገቷን ነቀነቀች። ለሴት ብልሃት አይታያትም አልኩ በሆዴ። ጮክ ብዬ አላልኩትም፤ እብድ አይደለሁም።

ሐሙስ ዕለት፣ ከቀትሩ የዙሁር ሰላት በኋላ፣ ሐጂ እድሪስ መጡ። ሱግ፣ ገበያው ውስጥ ቅመም የሚነግዱ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አያውቁም። ከሚጮህ ሰው ይልቅ እሳቸውን ነው የምፈራው። መሐረባቸውን ፈትተው ከቋጠሮው ውስጥ አንዲት ፍላሽ አወጡ።

"ልጄ፣ የነጃት ወረቀት መጣች። ሹፌሩ አሁን አመጣት" አሉኝ።

ነጃት የወንድማቸው ልጅ ናት፤ ያን ዕለት ከተሲያቱ የዐስር ሰላት በኋላ የጋብቻዋ ኒካሕ ሊታሰርላት ነው። አባቷ ጎንደር እግሩ ተሰብሮ ተኝቷል። መምጣት ስላልቻለ "ልጄን በእኔ ፈንታ ወንድሜ ይዳር" ብሎ ውክልና ፈርሞ፣ ፎቶ አንስቶ መተማ ወዳለ ሱቅ ላከው። ከመተማ ወዲህ ግን ሸበካ የለም። ኢንተርኔት ከጠፋ አራት ቀን ሆኖታል፤ ስልክም ከተማ ውስጥ አልፎ አልፎ ይሠራል እንጂ ድንበር አይሻገርም። የመተማው ሱቅ ደግሞ ቀለም ጨርሶ ማተም ስላልቻለ ፎቶውን በፍላሽ አድርጎ በሹፌር ላከው። ኒካሑን አስሮ የሚመዘግበው ማእዙን "ወረቀቷ እጄ ካልገባች አላስርም" ብሏል። ሙሽራው ፖርት ሱዳን ሥራ አግኝቶ ነገ ጎህ ሲቀድ ይሳፈራል። ነጃት ዛሬ ሚስቱ ካልሆነች በዚያ ሁሉ ኬላ ይዟት ማለፍ አይችልም፤ ቀርታ ትጠብቀው ቢባል ደግሞ መንገዱ መቼ እንደሚዘጋ በዚህ ዘመን ማን ያውቃል።

ሐያት ገጿን ከፍታ የአረብኛ ደብዳቤ ትጽፋለች።

"ተነሺ፣ የሐጂን ነገር እኔ ነኝ የምሠራው" አልኳት። "አንቺን ነጃት ቤት ይጠብቁሻል።"

"ቆይ ገጼን ልዝጋ።"

"ሂጂ፣ እኔ እዘጋዋለሁ።"

ተነሳች። በሩ ላይ ደርሳ ዞር አለችና "እርግጠኛ ነህ?" አለችኝ።

"አይዋ" አልኳት፤ ለወታደሩ እንደምለው።

መቼም ሰው ፊት ስሆን የማልተወው ጉራ አለብኝ። ሐጂን ወንበር ሰጥቼ፣ "ሌላ ቦታ ወረቀት ሲያሳትሙ ስንት ጊዜ ነው የሚነካካው አይደል? እኔ ጋ አንድ ውርወራ ነው" እያልኩ ፍላሿን ሰካሁ። አንዴ ብነካት አልከፈት አለች፤ ደግሜ ብነካት ተከፈተች። ማውሱ አርጅቷል አልኩ። ውስጧ ያለው አንድ ፋይል ብቻ ነው፤ ስሙም ቁጥር ነው። ያዝኩት።

"ይኸው ሐጂ፣ ሳላይ ነው የምሠራው" አልኳቸው፤ ዓይኔን እሳቸው ላይ ተክዬ ወደ ቀኝ ጥግ ወረወርኩት።

ማተሚያው ዝም አለ።

ሁልጊዜ ወዲያው ያጉረመርማል፤ ዛሬ የለም። ሐጂ ማተሚያውን ያያሉ፣ እኔ ሐጂን አያለሁ። "እየሞቀ ነው" አልኳቸው። እጄ ግን አላረፈም፤ ሳላይ ያቺን የቀኟን ሥዕል አንዴ ነካኋት። ምንም። ደግሜ ነካኋት፣ ሠለስኩ፣ ከዚያ ቆጥሬ አልያዝኩትም፤ ጣቴ የስፌት መኪና ሆነ። ዞር ብዬ ስክሪኑን ሳይ ነጭ መስኮት በነጭ መስኮት ላይ ይዘንባል፤ አንዱ ሳይጨርስ ሌላው ይከፈታል። ከመስኮቶቹ ዳር፣ በቀኝ ጥግ፣ ማተሚያዬ መሆን በነበረባት ቦታ ላይ ነበልባሏ ቁጭ ብላለች። ስሟ በአረብኛ ተጽፏል፤ "ናር"፣ እሳት።

የሐያት ገጽ ላይ ነኝ። አረብኛ ከቀኝ ነው የሚጀምረው፤ ገጹም አብሮ ይገለበጣል። ቀኝ የነበረው ግራ፣ ግራ የነበረው ቀኝ ሄዷል። እኔ እንዳይምታቱ ብዬ ዳርና ዳር ስላደረግኳቸው ልክ ቦታ ለቦታ ተለዋውጠዋል። የነጃትን ወረቀት እሳት ውስጥ ጥያታለሁ።

ማውሱን ባንቀሳቅሰው አይንቀሳቀስም፤ ኮምፒውተሩ በዚያ ሁሉ መስኮት ተጨናንቆ ደርቋል። የፍላሿ ቀይ መብራት ግን ብልጭ ድርግም ትላለች። እኔ የሠራሁትን አውቃለሁ፤ ደጋግማ እየጻፈችበት ነው ማለት ነው። ልንቀላት እጄን ሰደድኩና መለስኩት፤ ግማሹ ተርፎ ከሆነስ፣ ስነቅላት ያም ቢጠፋስ? በሕይወቴ እርግጠኛ ያልሆንኩት ያኔ ነው፤ የሚጠይቀኝ አልነበረም።

"ምነው ፊትህ?" አሉኝ ሐጂ።

"ሙቀቱ ነው።"

"ማሽኑስ?"

"እሱም እየሞቀ ነው።"

የሐጂ ስልክ ጮኸች። ነጃት ናት። ድምፅዋ እኔ ድረስ ይሰማል፤ ከጀርባዋ ከበሮና እልልታ አለ። "አጎቴ፣ ወጣች?" ትላለች።

"ማሽኑ እየሞቀ ነው ይላል ልጁ።"

"በገዳሪፍ ፀሐይ? እስካሁን ያልሞቀ ምን ዓይነት ማሽን ነው?"

ሐጂ ስልኩን ዘግተው አዩኝ። ዓይናቸው ላይ ምንም አልነበረም፤ ያ ነው የጨነቀኝ። በዚያች ደቂቃ እንደ ሰው ተነስቼ እውነቱን ብናገር ይህን ወግ አጭር አድርጌ እገላገል ነበር። እኔ ግን "ቀለም ሳይሆን አይቀርም ያለቀው፤ አንድ ጊዜ ይጠብቁኝ" ብዬ እግሬ አውጪኝ አልኩ።

የሮጥኩት ወደ አውቶቡሶቹ ሜዳ ነው። ሐሳቤ ሹፌሩን ይዤ እንደገና ወደ መተማ ልልከው ነበር፤ ሂሳቡን አስቡት፣ ሄዶ ሊመለስ አንድ ቀን፣ ዐስር ሰላት ሊደርስ ሁለት ሰዓት። ሹፌሩን አውቶቡሱ ሥር ጥላ ላይ ምንጣፍ አንጥፎ ተኝቶ አገኘሁት። ቀሰቀስኩት።

"ያች ፍላሽ፣ መተማ ላይ ሌላ አላት?" አልኩት እያለከለክሁ።

"የምን ሌላ?"

"ቅጂ። ሱቁ ኮምፒውተር ላይ ቀርቶ እንደሆነ።"

ሹፌሩ በክርኑ ቀና ብሎ በአዘኔታ አየኝ። "ልጁ ፍላሿን ሲሰጠኝ፣ 'ከኔ ኮምፒውተር ላይ አጥፍቼዋለሁ፣ ደንበኛው እንደላክህ አጥፋልኝ ብሎኝ' አለኝ። እናንተ ማተሚያ ቤቶች መቼም ሥራችሁ ማጥፋት ነው" አለና ተመልሶ ጋደም አለ።

የጎንደሩ ስልክ ላይስ? ነበረ ይሆናል፤ ግን በአራት ቀን ጨለማ ውስጥ ጎንደርን በምን አገኘዋለሁ። ለማንኛውም ሞከርኩ። ስልኬ ጆሮዬ ላይ ሦስት ጊዜ ጢጥ አለና ሞተ። ስመለስ በየሱቁ በር ላይ ሰው ለሰላት ውዱእ ያደርጋል፤ ማሰሮ ይንጠባጠባል፣ እጅጌ ይሰበሰባል። ሰው ሁሉ ለፈጣሪው ሲዘጋጅ እኔ ለሐጂ እድሪስ እዘጋጃለሁ።

ስገባ ሐጂ ከጠረጴዛው ሥር አንዲት ካርቶን ስበው አውጥተዋል።

"ይህ ቀለም አይደለም?" አሉኝ።

አራት ዕቃ ቀለም ነበር፣ ከነማሸጊያው። ባለፈው ሳምንት በገዛ እጄ ያስቀመጥኩት። መልስ ስፈልግ አፌ አይዋ ለማለት ተከፈተ፤ ግን አልወጣም። ወንበሩ ላይ ቁጭ አልኩ።

"ሐጂ፣ ማሽኑ አልሞቀም። ቀለምም አላለቀም" አልኳቸው። "የነጃትን ወረቀት አቃጥዬዋለሁ።"

ከዚያ ሁሉንም አወራሁላቸው፤ ቀኙንና ግራውን፣ እሳቷን፣ የሐያትን ገጽ፣ ሳላይ መወርወሬን። ላቤ ጢሜን አልፎ ሸሚዜ ላይ ይንጠባጠባል። የሐጂ መቁጠሪያ እጃቸው ላይ ቆሟል። ቢሰድቡኝ ምን ያህል በቀለለኝ።

"ይህ ማሽን ሲያቃጥል አይጠይቅም?" አሉኝ በመጨረሻ።

"ይጠይቅ ነበር።"

"እና?"

"እንዳይጠይቀኝ አደረግኩት።"

"ለምን?"

"ሲጠይቁኝ ስለማልወድ።"

ሐጂ ጢማቸውን ዳሰሱ። "እኔ አንድ ኪሎ በርበሬ ስሸጥ እንኳን 'ይህን ነው የፈለግከው?' ብዬ እጠይቃለሁ" አሉ። "ሰው ቤት ሄጄ ልጅ ስጡኝ ስል ሦስቴ ጠይቀውኝ ነው የሰጡኝ። ጥያቄ ምን አደረገህ?" መልስ አልጠበቁም። ስልካቸውን አውጥተው ሐያት ጋ ደወሉ። "ልጄ፣ ነይ" ብቻ አሏት።

ሐያት አንድ እጇ ላይ ሒና ተቀብታ ሌላው እጇ ባዶ ሆኖ እየሮጠች መጣች። ፊቴን አየችና ስክሪኑን አየች። አረብኛዋን ጀመረች ብዬ አንገቴን ደፋሁ፤ አልጀመረችም። ባዶ እጇን ማውሱ ላይ አድርጋ "ምን ያህል ጊዜ ነው የተጫንከው?" አለችኝ።

"አላውቅም።"

"ፍላሿን ነቅለሃል?"

"ፈርቼ ተውኳት።"

"እሺ። ተነስ።"

ኮምፒውተሩ ቀስ በቀስ መተንፈስ ጀምሯል። መስኮቶቹን አንድ በአንድ ትዘጋለች፤ እያንዳንዱ እስኪጠፋ የሚፈጀው ጊዜ ሌላ ነው። ከውጭ የመስጊዱ ማይክ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ፤ ሙአዚኑ ጉሮሮውን እየጠረገ ነው። ሰባት ዘጋች። የሐጂ ስልክ ጮኸች፣ ነጃት ናት፤ አላነሱትም። አሥራ አንድ ዘጋች። ስልኳ እንደገና ጮኸች። አሥራ አራት። እኔ የምቆጥረው ሌላ የምሠራው ስላልነበረኝ ነው። አሥራ ስምንተኛው ሲዘጋ ከሥሩ የመዳፍ ጠርዝ የምታህል አንዲት ትንሽ ሳጥን ቀረች። አረብኛ ተጽፎባታል፤ ከሥሯም ሁለት ቁልፎች።

ሐያት እጇን ከማውሱ ላይ አነሳች። ትንፋሿን ስትለቅ ሰማኋት።

"ምንድን ነው?" አልኩ።

"አንብበው።"

አረብኛ እናገራለሁ እንጂ ሳነብ እንደ ልጅ ፊደል እየቆጠርኩ ነው። ቆጠርኩ። ሀል፣ አንተ፣ ሙተአኪድ። እርግጠኛ ነህ? ይላል።

"አንተ የሠራህልኝ ዕለት ነው ጥያቄውን ወደ ቦታው የመለስኩት" አለችኝ። "በኔ ገጽ ብቻ። ያንተን አልነካሁም፤ ያንተ ያንተ ነው።"

"ታዲያ አልተቃጠለም?"

"መልስህን እየጠበቀ ነው። አንተ ስትሮጥ እሱ ቁጭ ብሎ ይጠብቅሃል።"

ያን ሁሉ ጊዜ፣ እኔ ሹፌር ስቀሰቅስ፣ ቀለም ሳሳብብ፣ ላቤ ሲንጠባጠብ፣ ከአሥራ ስምንት መስኮት ሥር ሆና አንድ ቃል ብቻ ነበር የምትፈልገው። ማውሱን ወደ እኔ ገፋችው። "አንተ የጣልከውን አንተ መልስ" አለችኝ። ያዝኩት። እጄ እንደለመደው ወደ አንዱ ቁልፍ ሲንሸራተት ሐያት ሒና ባለው እጇ አንጓዬን ቀብ አደረገችኝ፤ ቁልፎቹም ቦታ ተለዋውጠዋል። ልጭነው የነበረው "ነዐም" የሚለውን ነው። አዎን ማለት ነው። ሐያት እጇን እስኪያማት ይዛኝ፣ እኔም ፊደል ቆጥሬ፣ ከሁለት ፊደል የማትበልጠውን ሌላዋን ቁልፍ አገኘኋት። "ላ" ትላለች። አይሆንም። አሥራ አንድ ዓመት ለጠየቀኝ ሁሉ አይዋ ስል ኖሬ፣ በዚህ አገር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ላ አልኩ። የእጄ አንጓ ላይ የሐያት ሒና አሥር ቀን ሳይለቅ ቆይቷል።

ሐያት በግራ ጥግ ባለችው ማተሚያ ላይ ፋይሉን ስትጥለው ወረቀቷ ወጣች። ትኩስ ነበረች። ሐጂ ተቀብለው መነጽራቸውን አደረጉ። ላይ ያለው የአረብኛ ውክልና ነው፣ ማኅተምና ፊርማ አለበት። ከሥሩ ባዶ ቦታ ላይ ግን አባትየው በገዛ እጁ፣ በተኛበት የጻፈው መሆኑ በሚያስታውቅ ጠማማ ጽሕፈት፣ በአማርኛ አንድ መስመር ጨምሯል። ሐጂ አንዴ አነበቡ። ደግመው አነበቡ። ከዚያ ለእኔ አቀበሉኝና ዓይናቸውን በመሐረባቸው ጠረጉ።

"እድሪስ ወንድሜ፣ ከማሰራችሁ በፊት ልጄን አንድ ጊዜ እንደገና ጠይቅልኝ፤ እኔ ቆሜ ልጠይቃት አልቻልኩም" ይላል።

ያቺን መስመር ነው ያለ ጥያቄ ላቃጥላት የነበረው።

ስልኳ አሁንም ጮኸች። ሐጂ አነሱ። ነጃት ቀድማ "አጎቴ፣ ለምን አታነሳም፣ ወጣች ወይ?" አለች፤ ድምፅዋ እንባ ይዟል።

"ወጥታለች ልጄ። ስሚኝ፣ ከበሮውን ራቅ በይ" አሏት። ጠበቁ። ከበሮው ራቀ። "አባትሽ ጠይቃት ብሎኛል። እኔ እስከ ዛሬ አልጠየቅኩሽም፤ ሁላችንም ስንሯሯጥ ማንም አልጠየቀሽም። ነጃት፣ እርግጠኛ ነሽ?"

ወዲያ በኩል ዝም አለ። ዝምታው ሲረዝም ሐያት ክንዴን ያዘችኝ። እኔ መልሱን ቸኩዬ ብናገርላት ደስ ባለኝ፤ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ጥያቄ ጊዜ እንዲወስድ ፈለግኩ። ከዚያ ነጃት አለቀሰች። እያለቀሰችም "አይዋ፣ አጎቴ" አለች። "አባቴ ነው የጠየቀኝ? አይዋ በለው።"

አዛኑ ተሰማ። ሐጂ ወረቀቷን በመሐረባቸው ጠቅልለው ተነሱ። በሩ ላይ ቆም ሲሉ፣ እንደ ሌላው ሰው "እኔ ፊት አጥፋው" የሚሉኝ መስሎኝ ፍላሿን አየሁ። "እሷን ለነጃት አስቀምጣት" አሉኝና ሄዱ።

እኔ የሐያትን ገጽ ዘጋሁ፤ ቅድም እዘጋዋለሁ ያልኩትን። በራሴ ስም ገባሁ። ሐያት ሒናዋ እንዳይነካ እጇን ወደ ላይ ይዛ ከኋላዬ ቆማለች። እሳትን ፈልጌ የነቀልኳትን ጥያቄ መልሼ ሰካሁ። አስቀምጥ የሚለውን ስጫን ኮምፒውተሩ፣ ለውጡን ላስቀምጠው ወይ፣ እርግጠኛ ነህ አለኝ።

አነበብኩት። ከዚያ መለስኩለት።